የክላይድባንክ መርከብ መሥሪያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ስኮትላንዱ የክላይድባንክ መርከብ መሥሪያ ባወራሁ ቁጥር እነዚሁ ጥያቄዎች ይመጡብኛል። አንድ ቦታ ላይ ሰብስቤ ብመልሳቸው ይሻላል ብዬ ጻፍኳቸው። ዓመቶቹም ቀኖቹም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በእኛ አቆጣጠር የጻፍኩት ሲኖር «ዓ.ም.» የሚል አለበት።

የትኛው ፋብሪካ ነው? ስሙስ ለምን ይለዋወጣል?

ብዙ ሰው የሚያውቀው «ጆን ብራውን» በሚለው ስሙ ነው። ቦታው ከግላስጎው መሃል ከተማ ወደ ምዕራብ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በክላይድ ወንዝ ዳር ነው።

የመሠረቱት ግን ጄምስ እና ጆርጅ ቶምሰን የሚባሉ ወንድማማቾች ናቸው። በ1847 የሞተር መሥሪያ ከፈቱ። በ1851 ደግሞ ጎቫን በሚባለው ሰፈር መርከብ መሥራት ጀመሩ። የወንዙ አስተዳደር ያን መሬት ለወደብ ሲፈልገው ተነሡ ተባሉ። በ1871 ወንዙን ተከትለው ወርደው የእርሻ መሬት ላይ ሰፈሩ። በ1899 የሼፊልዱ ብረት አምራች ጆን ብራውን ኩባንያ ገዛው። የጆን ብራውን ስም ሰባ ዓመት ያህል ቆየ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከተማዋ ለፋብሪካው ስም አልሰጠችውም፤ ፋብሪካው ነው ለከተማዋ ስም ያወጣላት። መጀመሪያ ላይ በዚያ እርሻ ዙሪያ ቤት የሚባል ነገር ስላልነበረ ሠራተኞቹ ከግላስጎው በእንፋሎት ጀልባ ይመላለሱ ነበር። ከዚያ መኖሪያ ተሠራላቸው፤ ሱቅ መጣ፤ ትምህርት ቤትና ቤተ ክርስቲያን ተከተለ። በ1886 ከተማ ለመሆን ሲበቃ ስሙ የመርከብ መሥሪያው ስም ሆነ፦ ክላይድባንክ።

ለምን በባሕር ዳር ሳይሆን በወንዝ ዳር?

ክላይድ ድሮ ለመርከብ የሚሆን ወንዝ አልነበረም። ጥልቀቱ አነስተኛ ከመሆኑ የተነሣ በእግር የሚሻገሩበት ቦታ ነበረው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጆን ጎልቦርን የተባለ መሐንዲስ ከሁለቱም ዳር ወደ ውስጥ የሚገቡ የድንጋይ ግድቦች አሠራ። ወንዙ ሲጠብ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ደግሞ የራሱን አሸዋ ይጠርጋል። በኋላ የቁፋሮ ማሽን መጣና ሥራው ቀጠለ። ግላስጎዎች «ክላይድ ግላስጎውን ሠራ፤ ግላስጎውም ክላይድን ሠራች» የሚሉት ለዚህ ነው።

የቀረውን ነገር አካባቢው ሰጠ። የድንጋይ ከሰልና ብረት ቅርብ ነበር። የእንፋሎት ሞተር ዕውቀት በሰፈሩ ሞልቶ ነበር። አባት ለልጁ የሚያወርሰው ሙያም ነበር።

300 ሜትር መርከብ እንዴት ነው ጠባብ ወንዝ ውስጥ የሚገባው?

የዚህ ግቢ ትልቁ ጥበብ እዚህ ላይ ነው። እኔም ይህን ጥያቄ ስመልስ አይሰለቸኝም።

ከግቢው ትይዩ፣ በማዶ በኩል፣ ካርት የሚባል ትንሽ ወንዝ ክላይድን ይቀላቀላል። እዚያ ላይ ውሃው ሰፋ ይላል። መርከቦቹ የሚሠሩበት ተዳፋት መደብ ወንዙን በቀጥታ አይመለከትም፤ ዘወር ብሎ ወደ ካርት አፍ ያነጣጥራል። መርከቧ ስትለቀቅ በሰያፍ ተንሸራታ፣ የኋላ ጫፏ ወደ ካርት አፍ ይሄዳል። ያ ትንሽ ወንዝ ባይኖር ኖሮ ትልልቆቹ መርከቦች እዚህ ቦታ ላይ አይታሰቡም ነበር።

ዕለቱ ሲደርስ የመርከቧ ክብደት ከእንጨት ድጋፎቹ ላይ ተነሥቶ በተንሸራታች አልጋ ላይ ያርፋል። ከሥር ያለው እንጨት ሞራና ሳሙና ተለቅልቋል። አዎ፣ ሞራ፤ የከብት ሞራ። በዚያ ላይ ነው በአሥር ሺዎች ቶን የሚመዘን ብረት የሚንሸራተተው። ጠርሙሱ ይሰበራል፣ መያዣው ይለቀቃል፣ መርከቧ በዝግታ ትነቃነቃለች፤ ከዚያ ትፈጥናለች።

ችግሩ ማስኬዱ ሳይሆን ማቆሙ ነው። ካልቆመች ማዶ ካለው ዳር ጋር ትላተማለች። ስለዚህ በሁለቱም ጎኗ የከባድ ሰንሰለት ክምር ይታሰርባታል። መርከቧ ስትሄድ ክምሩን መሬት ለመሬት ትጎትተዋለች፤ እሱም ፍጥነቷን ይይዘዋል። «ኩዊን ሜሪ» በ1934 ስትወርድ የያዟት 18 የሰንሰለት ክምሮች ነበሩ። ለእሷ ሲባል የወንዙ ዳር ሳይቀር ተቆርጦ ሰፍቷል። በድሮ ፊልሞች ላይ ሰንሰለቱ ሲጎተት የሚነሣውን የዝገት አቧራ ማየት ይቻላል። ብረት እንደ ደረቅ መንገድ ይቦንናል።

የጦር መርከብ ነበር የሚሠሩት ወይስ የንግድ?

ሁለቱንም፤ ያውም በአንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን። ይህም የአጋጣሚ ነገር አይደለም። የመንገደኛ መርከብ ትእዛዝ ሲጠፋ የባሕር ኃይል ትእዛዝ ቤቱን ያቆማል። ሰላም ሲሆን ደግሞ በተቃራኒው። ቴክኖሎጂውም ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገር ነበር።

ጥሩ ምሳሌው «ካሮኒያ» እና «ካርማኒያ» ናቸው። ኩናርድ የተባለው የመርከብ ድርጅት ሁለት ተመሳሳይ መርከቦች አዘዘ። አንዷ በተለመደው የእንፋሎት ሞተር፣ ሌላዋ በአዲሱ ተርባይን (እንፋሎት በሚያሽከረክረው ሞተር) እንድትሄድ። በ1905 ሲሞከሩ ተርባይን ያላት «ካርማኒያ» በለጠች። ከዚያ በኋላ የመጣችው «ሉሲታኒያ» አራት ማዞሪያ (ፕሮፔለር) ያላት፣ በተርባይን የምትበር ግዙፍ መርከብ ሆነች። የጦር መርከቦቹም ይኸው ግቢ የሚያመርተውን ተርባይን ይዘው ወጡ።

ደንበኞቹ እንግሊዞች ብቻ አልነበሩም። ለስፔን «ዴስትሩክቶር» የተባለችው ፈጣን የጦር መርከብ በ1886 እዚህ ተሠራች። ጃፓን በ1905 ከሩሲያ ጋር በተዋጋችበት የጹሺማ ውጊያ ካሰለፈቻቸው ትልልቅ የጦር መርከቦች አንዷ፣ «አሳሂ»፣ ከዚሁ ተዳፋት ላይ የወረደች ናት።

ታይታኒክ እዚህ ነው የተሠራችው?

አይደለም። እሷ የቤልፋስት ልጅ ናት። ግራ የሚያጋባው «ታይታን» የሚባለው ክሬን ነው። ስለ እሱ ወደ መጨረሻው ላይ አለ።

ጃንሆይን ከጂቡቲ የወሰደችው መርከብ እዚህ ነው የተሠራችው የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ይህን ገጽ በአማርኛ እንድጽፍ የገፋፋኝም ይኸው ነው።

መርከቧ «ኢንተርፕራይዝ» ትባላለች። ቀላል ክሩዘር የሚባለው ዓይነት የጦር መርከብ ናት። የመጀመሪያው ብረቷ የተቀመጠው በ1918፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ነው። በታኅሣሥ 1919 ውሃ ላይ ወረደች። ጦርነቱ ስላለቀ የሚያጣድፍ ሰው ጠፋ። ዴቨንፖርት ወደሚባለው የባሕር ኃይል ግቢ ተጎትታ ሄደች፤ ተጠናቅቃ አገልግሎት የጀመረችው በ1926 ነው።

ከአሥር ዓመት በኋላ ማይጨው ሆነ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሡ። ሚያዝያ 26 ጂቡቲ ላይ በዚህች መርከብ ተሳፈሩ። በማግስቱ፣ ሚያዝያ 27፣ የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ። «ኢንተርፕራይዝ» ቀይ ባሕርን አቋርጣ፣ በስዊዝ ቦይ አልፋ፣ ሚያዝያ 30 ሃይፋ አደረሰቻቸው። ከዚያ ኢየሩሳሌም ሄዱ። ወደ እንግሊዝ የቀጠሉት በሌሎች መርከቦች ነው።

እስቲ አስቡት። ከቤተ መንግሥታቸው የወጡ ንጉሠ ነገሥት፣ ቤተሰባቸውና ተከታዮቻቸው የቆሙበት ወለል ክላይድባንክ ውስጥ የተቀጠቀጠ ብረት ነበር። ብረቱን የመቱት ሰዎች ጂቡቲ የምትባል አገር መኖሯንም ላያውቁ ይችላሉ። አንድ መርከብ ከተዳፋቱ ከወረደ በኋላ የማንን ዕጣ እንደሚሸከም ማንም አያውቅም።

ሠራተኞቹ በትክክል ምን ነበር የሚሠሩት?

ብየዳ ሳይስፋፋ በፊት መርከብ ማለት በሪቬት የተሰፋ ብረት ነው። ሪቬት ራስ ያለው አጭር ወፍራም የብረት ችንካር ነው፤ ሁለት የብረት ሉሆችን ያጣብቃል። «ኩዊን ሜሪ» ላይ ብቻ ወደ 10 ሚሊዮን ገደማ ሪቬት ገብቷል።

ሥራው የቡድን ነው። አንድ ልጅ ሪቬቱን ፍም ውስጥ ከትቶ ቀይ እስኪሆን ያግላል። በጉጠት ይዞ ይወረውረዋል። ሌላው ተቀብሎ ቀዳዳው ውስጥ ይከተዋል። አንድ ሰው ከኋላ በከባድ መዶሻ ደግፎ ይይዛል። ከፊት ሁለት መቺዎች አሉ፤ አንዱ ቀኝ፣ ሌላው ግራኝ። ግራኝ የሚፈለገው በጠባብ ቦታ ተራ በተራ ሲመቱ እንዳይጋጩ ነው። ብረት እንደጋለ ነው የሚቀጠቀጠው የሚባለው እዚህ ቃል በቃል ነው። ከቀዘቀዘ ሪቬቱ ይጣላል፤ የሚከፈላቸውም በመቱት ቁጥር ስለሆነ ገንዘባቸው አብሮ ይወድቃል።

ይህ ሁሉ ጣሪያ በሌለበት፣ በስኮትላንድ ዝናብና ብርድ ነው። ብረቱ ሲቀዘቅዝ እጅ ይላጣል። ጩኸቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙዎቹ በአርባ ዓመታቸው ጆሯቸው ደንቁሮ ነበር፤ እርስ በርስ በምልክትና በከንፈር ይግባቡ ነበር ይባላል።

የባሰው ግን ድምፅ አልባ ነበር። ቦይለሮቹ (ውሃ የሚፈላባቸው ጋኖች) እና የእንፋሎት ቧንቧዎቹ ሙቀት እንዲይዙ አስቤስቶስ በሚባል እሳት በማይበላው የማዕድን ጭረት ይለበጡ ነበር። አቧራው በሥራ ልብስ ቤት ድረስ ይገባል። ሚስት ልብሱን አራግፋ ታጥባለች። በሽታው የሚታየው ከ30 እና 40 ዓመት በኋላ ነው። ክላይድባንክ በአስቤስቶስ በሚመጣ የሳንባ ሽፋን ካንሰር ክፉኛ ከተመቱት የብሪታንያ ከተሞች አንዷ ሆነች። ስለ መርከቦቹ ውበት ሲወራ ይህ ሲዘለል ቅር ይለኛል። ዋጋው እነዚያ ሳንባዎች ነበሩ።

«534» ምንድን ነው?

የ«ኩዊን ሜሪ» የግቢ ቁጥር ነው። መርከብ እስኪወርድ ድረስ የሚጠራው በቁጥሩ ነው። 534 ሥራዋ በታኅሣሥ 1930 ተጀመረ። ዓለም አቀፉ የኢኮኖሚ ቀውስ ሲበረታ የኩናርድ ገንዘብ አለቀ። በታኅሣሥ 1931፣ የፈረንጆቹ ገና ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ሥራው ቆመ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ቀን ሥራ ፈቱ።

ያልጨረሷት መርከብ ከሁለት ዓመት በላይ እዚያው ቆመች። ከየትኛውም መስኮት ትታይ ነበር። ዛገች፤ ወፎች ጎጆ ሠሩባት። የአካባቢው የፓርላማ አባል ዴቪድ ከርክዉድ ለንደን ላይ ሳይታክት ጮኸላት። በመጨረሻ መንግሥት 9.5 ሚሊዮን ፓውንድ ለማበደር ተስማማ፤ ኩናርድ ከተቀናቃኙ ዋይት ስታር ጋር እንዲዋሃድ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጦ። በሚያዝያ 1934 ሠራተኞቹ ባግፓይፕ በሚባለው የስኮትላንድ የትንፋሽ መሣሪያ ታጅበው ወደ ግቢው ተመለሱ። የመጀመሪያ ሥራቸው ዝገት መፋቅ ነበር። መስከረም 26 ቀን 1934 መርከቧ ወረደች።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ስታመላልስ ነበር። በሐምሌ 1943 በአንድ ጉዞ 16,683 ሰው ጫነች፤ እስካሁን ያልተሰበረ ክብረ ወሰን ነው።

በጦርነቱ ጊዜ ፋብሪካው አልተደበደበም?

ከተማው ተደበደበ። መጋቢት 13 እና 14 ቀን 1941፣ ሁለት ሌሊት፣ የጀርመን አውሮፕላኖች ክላይድባንክን ቀጠቀጡ። 528 ሰው ሞተ። ከ12,000 ገደማ ቤቶች ጉዳት ያልደረሰባቸው ሰባት ብቻ ናቸው። 35,000 ሰው ቤት አልባ ሆነ። በእኛ አገር ያ ወር ጃንሆይ በጎጃም በኩል ወደ አዲስ አበባ እየገሰገሱ የነበሩበት ነው።

የሚገርመው መርከብ መሥሪያው ብዙም አልተጎዳም። ሰዎቹ ቤታቸው ፈርሶ፣ ቤተሰባቸውን ሌላ ከተማ አስጠግተው፣ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

በዚያች ሌሊት ግቢው ውስጥ «ፒዮሩን» የምትባል የፖላንድ የጦር መርከብ ለጥገና ቆማ ነበር። እዚያው ግቢ የተሠራች ናት። ፖላንዶቹ በመርከቧ መድፎች ወደ አውሮፕላኖቹ ተኮሱ። ከተማው ይህን አልረሳም፤ ሐውልት አቁሞላቸዋል። ከሁለት ወር ትንሽ አለፍ ብሎ፣ በግንቦት 24፣ ክላይድባንክ የሠራቻት ታላቋ የጦር መርከብ «ሁድ» በጀርመኑ «ቢስማርክ» ተመትታ ሰጠመች። ከ1,418 ባሕረኞች የተረፉት ሦስት ናቸው። ከሁለት ቀን በኋላ «ቢስማርክ»ን አግኝተው ከተታኮሱት መርከቦች አንዷ ያቺው «ፒዮሩን» ነበረች።

ሌሎቹ ታዋቂ መርከቦችስ?

ባጭሩ። «ሉሲታኒያ» በ1906 ወረደች፤ በግንቦት 1915 በጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ተመታ 1,198 ሰው ይዛ ሰጠመች። «አኩዊታኒያ» ሁለቱንም የዓለም ጦርነቶች አገልግላ በ1950 ፈረሰች። «ኩዊን ኤልዛቤት» በ1938 ወርዳ በ1972 ሆንግ ኮንግ ወደብ ላይ ተቃጠለች። «ቫንጋርድ» የብሪታንያ የመጨረሻዋ ትልቅ የጦር መርከብ ነበረች። የእንግሊዝ ንግሥት መርከብ «ብሪታኒያ» በ1953፣ «ኪው ኢ ቱ» («ኩዊን ኤልዛቤት 2») ደግሞ በ1967 ወረዱ።

ታዲያ ይህን ያህል የሠራ ፋብሪካ እንዴት ተዘጋ?

ሰው አትላንቲክን በጄት አውሮፕላን መሻገር ጀመረ። ጃፓን መርከብ በርካሽና በፍጥነት ትሠራ ጀመር። ክላይድ ላይ ግን ግቢዎቹ ጠባብ፣ መሣሪያው ያረጀ ነበር። አለቆቹ በጊዜው ገንዘብ አላፈሰሱም፤ የሙያ ማኅበራቱም «ይህ የእኔ ሥራ ነው፣ ያንተ አይደለም» እየተባባሉ ይጓተቱ ነበር። በእኔ እምነት ትልቁ ጥፋት የመጀመሪያው ነው።

በ1968 በወንዙ የላይኛው ክፍል ያሉ አምስት መርከብ መሥሪያዎች በአንድ ድርጅት ሥር ተጠቃለሉ። በሰኔ 1971 ድርጅቱ የጠየቀውን 6 ሚሊዮን ፓውንድ መንግሥት ከለከለውና ከሰረ።

እዚህ ላይ ሠራተኞቹ ያልተለመደ ነገር አደረጉ። የሥራ ማቆም አድማ አልመቱም። ሥራ አናቆምም ብለው ገብተው መሥራት ቀጠሉ። የተባረረውም እንዳልተባረረ ሆኖ ይገባል፤ ደመወዙ ከሕዝብ መዋጮ ይከፈለዋል። ከመሪዎቹ አንዱ ጂሚ ሪድ ነበር፤ የዚሁ ግቢ ሰው። ለጓደኞቹ እንዲህ አላቸው፦ «ዱርዬነት አይኖርም፤ ንብረት ማውደም አይኖርም፤ መጠጥ አይኖርም። ዓለም እያየን ነው።» ተራ ሠራተኞች በዲሲፕሊን መንግሥትን ሐሳቡን አስቀየሩት። በየካቲት 1972 መንግሥት 35 ሚሊዮን ፓውንድ መደበ።

ክላይድባንክ ግን ከዚያ በኋላ መርከብ አልሠራችም ማለት ይቻላል። ማራቶን የተባለ የቴክሳስ ኩባንያ ገዝቶት የነዳጅ ማውጫ መድረክ መሥሪያ አደረገው። በ1980 ወደ ፈረንሳዮች እጅ ተላለፈ። በ2001 በሩ ለመጨረሻ ጊዜ ተዘጋ።

አሁን መርከቦቹን የት ማየት ይቻላል?

ዱባይ ላላችሁ አንዷ ደጃችሁ ናት። «ኪው ኢ ቱ» ከ2008 ጀምሮ ዱባይ ናት፤ ራሺድ ወደብ ላይ ቆማ ከ2018 ጀምሮ ሆቴል ሆናለች። ገብታችሁ ቡና ጠጥታችሁ መውጣት ትችላላችሁ። በዕረፍት ቀን የሚታይ ነገር ለሚፈልግ ከዚህ የበለጠ አልመክርም። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ሎንግ ቢች፣ ካሊፎርኒያ፣ «ኩዊን ሜሪ» አለችላችሁ። ግድግዳዋ ጠጋ ብላችሁ የሪቬቶቹን ራሶች በጣታችሁ ዳስሱ። «ብሪታኒያ» ኤዲንብራ፣ ሊዝ ወደብ ላይ ሙዚየም ናት።

«ኢንተርፕራይዝ»ን ማየት አይቻልም። ኖርማንዲ ላይ ተዋግታ ከተመለሰች በኋላ በ1946 ለብረት ተሸጠች።

ግቢው ላይስ ምን ቀረ?

ታይታን። በ1907 የቆመ፣ 46 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ክሬን ነው። መጀመሪያ ላይ 150 ቶን ገደማ ያነሣ ነበር። መርከብ ውሃ ላይ ስትወርድ ባዶ ቅርፊት ናት፤ ሞተሩን፣ ቦይለሩን፣ መድፉን አንሥቶ ሆዷ ውስጥ የሚያስቀምጥላት እሱ ነበር። በ1941 ሁለት ሌሊት ቦምብ ሲዘንብ አልወደቀም። በ2007 ታድሶ ለጎብኚ ተከፈተ።

ዙሪያው ኮሌጅ፣ ጤና ጣቢያና አዲስ መኖሪያ ቤቶች ሆኗል። ቤቶቹ የሚሞቁት ከክላይድ ውሃ በሚወሰድ ሙቀት ነው፤ ትልልቅ የሙቀት ፓምፖች ውሃውን ከወንዙ ስበው ሙቀቱን ወስደው ይመልሱታል። የድሮው መርከብ ማስታጠቂያ ገንዳም አለ። ከዳሩ ቆሞ ማዶውን የሚያይ ሰው የካርትን አፍ በትክክል ከፊቱ ያገኘዋል።